የጁሙዓ መልእክት፦ «ይዞኝ ከሆነስ?» እያልክ ለምታድረው ወንድሜ



ውድ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ የዛሬው ርእሳችን ሚንበር ላይ ብዙም አይነሳም። በውስጥ መስመር ግን ደጋግሞ ይደርሰኛል። አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት በኋላ ነው። «ኡስታዝ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ ስሜን ግን አይጠይቁኝ» ብሎ ይጀምራል። ከዚያ የአንድ ሌሊት ስህተት ይነገረኛል። አንዳንዴም ስህተት እንኳ ያልሆነ ነገር ነው፤ ጸጉር ቤት ያቆሰለ ምላጭ፣ በግድ የተፈጸመ በደል፣ ወይም የትዳር አጋር የደበቀው ጉዳይ። መጨረሻው ግን ሁሌም አንድ ነው፦ «ኤች አይ ቪ ይዞኝ ከሆነስ?»

አንድ ወጣት ነበር። የመጀመሪያው ሰፍ ላይ ከኢማሙ ኋላ የማይጠፋ ልጅ ነው። ቀስ በቀስ ወደ ኋላ ሰፍ ሸሸ፤ ከዚያ በር አጠገብ፤ ከዚያ ከነጭራሹ ቀረ። አንድ ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ ጫማውን ይዞ ቆሞ አገኘሁት። ከስቷል። ቤተሰቦቹ ኒካሑን እያዘጋጁ ነው፤ የምርመራ ወረቀት ተጠይቋል፤ እሱ ደግሞ ዛሬ ነገ እያለ ሰባት ወር አሳልፏል። ለምን እንዳልተመረመረ ስጠይቀው አንገቱን ደፍቶ እንዲህ አለኝ፦ «ኡስታዝ፣ ካልተመረመርኩ አላህ ይሸፍነኝ ይሆናል ብዬ ነው።»

ይህን መልስ ብዙ አሰብኩበት። ልጁ ሲትርን ከአለማወቅ ጋር ቀላቅሎታል። አላህ የባሪያውን ወንጀል ከሰው ዓይን ይሸፍናል፤ አዎ። በሽታን ከራስ መደበቅ ግን ሲትር አይደለም። ዛሬ ይህን ጉዳይ ከእናንተ ጋር በዝርዝር ላየው እፈልጋለሁ። ለአጻጻፍ እንዲቀል «አንተ» እላለሁ፤ እህቴ፣ አንቺም በቃሉ ውስጥ አለሽ።

1. ሁለት ዓይነት ፍርሃት አለ

መድረሳ ስንቀራ ሸኾቻችን ስለ ኸውፍ ያስተማሩን አንድ ሚዛን አለ፦ የሚወደሰው ፍርሃት ከሐራም የሚያቆምህና ወደ አላህ የሚያስሮጥህ ነው። ከአላህ እዝነት ተስፋ የሚያስቆርጥህ ፍርሃት ግን ከዚህ አይቆጠርም። የመጀመሪያው እግርህን ያንቀሳቅሳል፤ ሁለተኛው ያስርሃል። ወስዋስ የሚገባው በዚህ በሁለተኛው በር ነው።

ራስህን መዝን። ፍርሃትህ ወደ ተውበት፣ ወደ ሶላት፣ ወደ ጤና ጣቢያ ከወሰደህ ኸይር ነው። አልጋ ላይ አስተኝቶ ስልክህን እያስነካካ «ምልክቶቹ ምንድን ናቸው» ብቻ የሚያስፈልግህ ከሆነ ግን ከጠላት ነው።

ደግሞ ይህንን እወቅ፦ ጭንቀት ራሱ ሰውነት ላይ ይታያል። ያልባል፣ ሆድ ይረብሻል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ ክብደት ይቀንሳል። የተጨነቀ ሰው እነዚህን ሲያይ «ይኸው ምልክቱ» ይልና ይበልጥ ይጨነቃል። ቫይረሱ ሲገባ አንዳንድ ሰው በሁለት እስከ አራት ሳምንት ውስጥ ትኩሳት፣ የጉሮሮ ሕመም፣ ሽፍታ ወይም የንፍፊት እብጠት ይታይበታል፤ ብዙ ሰው ደግሞ ምንም አይታይበትም። እነዚሁ ምልክቶች ግን ከተራ ጉንፋንም ይመጣሉ። ስለዚህ በምልክት «ይዞኛል» ማለትም «አልያዘኝም» ማለትም አይቻልም። የሚለየው የደም ምርመራ ብቻ ነው።

2. ከአላህ ጋር ያለህን ጉዳይ ውጤት አትጠብቅበት

ወንጀል ካለ በሩ ክፍት ነው። አላህ በሱረቱ ዙመር በነፍሳቸው ላይ ወሰን ያለፉትን «ባሪያዎቼ» ብሎ ጠርቶ ከእዝነቱ ተስፋ እንዳይቆርጡ አዟቸዋል። ልብ በል፤ ከወሰን አልፈውም እንኳ ባሪያነታቸውን አልነጠቃቸውም። ተውበት ማለት ወንጀሉን መተው፣ መጸጸት፣ ዳግም ላለመመለስ መቁረጥ ነው፤ የሰው ሐቅ ካለበት ደግሞ ሐቁን መመለስ። ከእነዚህ ውስጥ «የምርመራ ውጤት መምጣት» የሚባል መስፈርት የለም። ዛሬ ማታ መፈጸም ትችላለህ።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ። ብዙ ወጣት «ያ ረብ፣ ከዚህ ብቻ አውጣኝ፤ ከዚያ በኋላ ሶላት አልተውም» ብሎ ከአላህ ጋር ይዋዋላል። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ስለ ስለት ሲናገሩ ቀደርን እንደማይመልስ፣ ከንፉግ ሰው እጅ ንብረት ማውጫ ብቻ እንደሆነ አስተምረዋል። ሶላትን በውጤት አትግዛው። ነጻ ብትሆንም ይሰገዳል፣ ባትሆንም ይሰገዳል። እንዲህ ከወሰንክ የግማሹ ጭንቀት መሠረት ይፈርሳል፤ ምክንያቱም ውጤቱ ከጌታህ ጋር ያለህን ግንኙነት የሚወስን መሆኑ ያበቃል። የላቦራቶሪ ወረቀት የደም ውጤት እንጂ የአኼራ መዝገብ አይደለም። ኔጋቲቭ መሆን «አላህ ወዶሃል» ማለት አይደለም፤ ፖዘቲቭ መሆንም «ተረግመሃል» ማለት አይደለም።

ምንም ወንጀል ሳይኖርብህ የተጋለጥክ ከሆነ፣ በተለይ በግድ የተደፈርሽ እህቴ፣ ተውበት የሚያስፈልገው በዳዩ እንጂ አንቺ አይደለሽም። የሌላውን ወንጀል ትከሻሽ ላይ አትሸከሚ።

3. ሰዓት አለ፤ ሰዓቱን እወቅ

ይህን ክፍል ለጓደኛህም ንገረው፤ ብዙ ሰው አያውቀውም። ለቫይረሱ ተጋልጠህ ሊሆን እንደሚችል ከጠረጠርክና ነገሩ ከሆነ 72 ሰዓት ካላለፈ፣ ይህን ጽሑፍ ማንበብህን አቁምና ወደ ጤና ተቋም ሂድ። ቫይረሱ ሰውነት ውስጥ ሥር ሳይሰድ የሚከላከል፣ ለ28 ቀን በየቀኑ የሚወሰድ መድኃኒት አለ። በቶሎ ሲጀመር የተሻለ ይሠራል፤ ከ72 ሰዓት በኋላ ግን አይጀመርም። ለሐኪሙ የሆነውን በግልጽ ንገር፤ እሱ የሚወስነው በሰማው ላይ ነው። ተገዳ የተደፈረች እህት ደግሞ ሳትዘገይ፣ በዚያው ቀን ትሂድ።

ቫይረሱ የሚተላለፍበት መንገድ የታወቀ ነው፦ ጥንቃቄ በጎደለው ግብረ ሥጋ ግንኙነት፣ በደም፣ በጋራ በተጠቀሙበት መርፌና ስለት፣ እንዲሁም ከእናት ወደ ልጅ በእርግዝና፣ በወሊድና በጡት። በመጨባበጥ፣ አብሮ በመብላት፣ በወባ ትንኝ፣ በአንድ ቧንቧ ውዱእ በማድረግ፣ በአንድ ምንጣፍ ሱጁድ በመውረድ አይተላለፍም። የሰላምታ እጅህ ላይ፣ የበላህበት ትሪ ላይ ተቀምጠህ ከምታድር ይህን ዕወቅና ተኛ።

4. ማወቅ ከተወኩል ጋር አይጋጭም

«ቀደሬ ከሆነ ምን አደርጋለሁ፤ ለአላህ ትቼዋለሁ» የሚለኝ አለ። ቃሉ ተወኩል ይመስላል፤ ውስጡ ግን ሽሽት ነው። ግመሉን ልልቀቀውና ልመካ ወይ ብሎ ለጠየቀው ሰው ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) መጀመሪያ እንዲያስረው፣ ከዚያ እንዲመካ ነግረውታል።

ዑመር (ረ.ዐ) ወደ ሻም ሲጓዙ ሰርግ የምትባል ቦታ ሲደርሱ ወረርሽኝ መግባቱን ሰሙ። ምን አደረጉ? ዓይናቸውን ጨፍነው አልገቡም። ሙሃጂሮችን ሰብስበው አማከሩ፣ ከዚያ አንሷሮችን፣ ከዚያ የቁረይሽ ሽማግሌዎችን። ከዚያ ለመመለስ ወሰኑ። አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ) ከአላህ ቀደር መሸሽ ነው ወይ ብለው ሲጠይቋቸው፣ ከአላህ ቀደር ወደ አላህ ቀደር እንደሚሄዱ መለሱላቸው፤ አንዱ ወገን ለምለም ሌላው ደረቅ በሆነ ሸለቆ ግመል የሚያሰማራን ሰው በምሳሌ አነሱ። በየትኛውም ቢያሰማራ በቀደር ነው። መረጃ ጠየቁ፣ አማከሩ፣ ወሰኑ። ይህ ነው ተወኩል። ስለዚህ ምርመራው ቀደርህን አይቀይረውም፤ ደምህ ውስጥ ያለው ዛሬም አለ፣ የሌለውም ዛሬም የለም። ምርመራው የሚቀይረው ያንተን ማወቅና ከዚያ በኋላ የምታደርገውን ነው።

አካሄዱም እንደምታስበው አይደለም። እኔ ራሴ ከኒካሔ በፊት ስመረመር፣ የምፈራው ነገር ሳይኖር አግዳሚው ላይ መዳፌ አልቦ ነበር። በመንግሥት ጤና ጣቢያ ምርመራው በነጻ ነው። ምክር የሚሰጥ ባለሙያ ያነጋግርሃል፤ ጣትህን ወጋ አድርገው ትንሽ ደም ይወስዳሉ፤ በ20 ደቂቃ አካባቢ ውጤቱ ይደርሳል። የመጀመሪያው መመርመሪያ ምልክት ቢያሳይ እንኳ በዚያ ብቻ «አለብህ» አይባልም፤ በሌሎች ዓይነት መመርመሪያዎች ይረጋገጣል። ውጤትህ ምስጢር ነው። የሰፈርህን ጤና ጣቢያ ካፈርክ ሌላ ክፍለ ከተማ ሂድ፤ እሱ ነውር የለውም። ብቻህን መሄድ ከከበደህ ምስጢር የሚጠብቅ አንድ ሰው ይዘህ ሂድ።

5. ነጻ ነህ ከተባልክ እመን

እዚህ ላይ ሌላኛውን ወንድሜን ላናግረው። አራት ጊዜ ተመርምሯል፤ አራቱም ኔጋቲቭ ነው። አሁንም አይተኛም። «መሣሪያው ተሳስቶ ቢሆንስ? ደሜ ተቀያይሮ ቢሆንስ?»

መጀመሪያ ሕክምናውን እንረዳ። ሰውነት ለቫይረሱ ምላሽ እስኪያዘጋጅ ጊዜ ይወስዳል፤ ዊንዶው ፔሬድ የሚሉት ይህ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ምርመራው ኔጋቲቭ ሊያሳይ ይችላል። በጣት ደም የሚደረገው ፈጣን ምርመራ አብዛኛውን ጊዜ ከ23 እስከ 90 ቀን ባለው ጊዜ ቫይረሱ የገባበትን ሰው ያገኘዋል። ስለዚህ አሁኑኑ ተመርመር፤ ከተጋለጥክበት ቀን 90 ቀን ሲሞላ ድገም። በመካከሉ አዲስ መጋለጥ ከሌለና ያ ውጤት ኔጋቲቭ ከሆነ ነገሩ አለቀ። የመከላከያውን መድኃኒት ወስደህ ከነበረ ግን ሐኪሙ የሰጠህን ቀጠሮ ተከተል።

ከዚያ በኋላ የፊቅህ መሠረት የሆነውን ደንብ አምጣው፦ የቂን በጥርጣሬ አይወገድም። በሶላት ውስጥ አንዳች ነገር የወጣው የሚመስለውን ሰው ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ድምፅ እስኪሰማ ወይም ሽታ እስኪያገኝ ሶላቱን እንዳያቋርጥ አዘዋል። ውዱእ እየደጋገመ ጀመዓ የሚያመልጠውን ሰው አይተሃል? ውኃው ጥርጣሬውን አያጥበውም። ምክንያቱም ችግሩ ክንዱ ላይ አይደለም። አምስተኛ፣ ስድስተኛ ምርመራም እንዲሁ ነው፤ ለአንድ ቀን ያሳርፍና በማግስቱ ይመለሳል። «በአላህ ተጠበቅሁ» በል፣ ጥርጣሬውን ሳትከራከረው እለፈው፣ ሥራህን ያዝ። እንዲህ አድርገህም ካልተውህ፣ እንቅልፍህንና ትምህርትህን ከነሳህ፣ የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ሂድ። ይህም ሕመም ነው፤ ሕክምናም አለው። ዱዓና ሐኪም አይጣሉም።

6. አለብህ ከተባልክ

ይህን ማንበብ የምትፈራውን አውቃለሁ። ግን አንብበው፤ የጨለማው ግማሽ ያለው እዚህ ስለሆነ።

ኤች አይ ቪ ዛሬ የሞት ፍርድ አይደለም። በአገራችን የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ከ1997 ዓ.ም ጀምሮ በነጻ ይሰጣል። መድኃኒቱ ቫይረሱን ከሰውነት ጨርሶ አያወጣውም፤ ዕድሜ ልክ በየቀኑ ይወሰዳል። ነገር ግን በአግባቡ የወሰደ ሰው ቫይረሱ በደሙ ውስጥ በምርመራ የማይታይበት ደረጃ ላይ ይደርሳል፤ እዚያ ደርሶ እስከቆየ ድረስም በግብረ ሥጋ ግንኙነት ወደ ትዳር አጋሩ አያስተላልፍም። ያገባል፣ ይወልዳል፣ ይሠራል። ያልታከመች እናት ወደ ልጇ የማስተላለፍ ዕድሏ ከመቶ 15 እስከ 45 ሲሆን፣ ክትትልና መድኃኒት ካለ ከመቶ 5 በታች ይወርዳል። ይህ ሁሉ ግን ላወቀ ሰው ነው። ሳያውቅ ዓመት የሚቆጥር ሰው ሰውነቱ እየደከመ ሄዶ ሳንባ ነቀርሳና ሌሎች በሽታዎች ይበረቱበታል።

ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) እንድንታከም አዘዋል፤ አላህ መድኃኒት ሳያወርድለት ያወረደው በሽታ እንደሌለ፣ ያወቀው እንደሚያውቀው ያላወቀውም እንደማያውቀው ነግረውናል። ቁርኣን ይቀራብህ፣ ዘምዘም ጠጣ፣ ጥቁር አዝሙድ ተጠቀም፤ መድኃኒትህን ግን አንድ ቀን አታቋርጥ። «ሩቅያ ተደርጎልሃል፣ ክኒኑን ጣለው» የሚልህን ሰው አትስማ። ረመዳን ሲመጣም ሐኪምህን አማክር፤ በቀን አንዴ የሚወሰደውን ክኒን ብዙዎች ከኢፍጣር ወይም ከሱሑር ጋር እያደረጉ ይጾማሉ።

ሞትን የሚያስመኝ ሐሳብ ከመጣብህ ብቻህን አትደር። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በደረሰብን ችግር ምክንያት ሞትን እንዳንመኝ ከልክለዋል። ነፍስህ አማና ናት። በዚያው ሌሊት ሰው ቀስቅስ፣ ወደ ሆስፒታል ሂድ።

7. ለማን ይነገራል?

ወንጀልህን ለማንም መዘርዘር የለብህም። አላህ የሸፈነውን ሌሊት ነግቶ ራሳቸው የሚያወሩትን ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አስጠንቅቀዋል። የኔም የውስጥ መስመር ዝርዝሩን አይፈልግም፤ «ተሳስቻለሁ» ይበቃል።

በሽታው ግን የሌላ ሰው ሐቅ ሲነካ ሕጉ ይለያል። መጉዳትም በመጉዳት መመለስም በዲናችን የለም። ለሚስትህ፣ ለባልሽ፣ ለኒካሕ ለታጨኸው ሰው ውጤቱን መደበቅ አይፈቀድም። እንዴት እንደያዘህ የመተረክ ግዴታ የለብህም፤ እንዳለብህ ግን ማወቅ አለባቸው። ሲትርና ማታለል የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። የጤና ባለሙያው እንዴት እንደምትነግር ያግዝሃል።

እናንተ ጤነኞች ደግሞ፣ የሰው ውጤት አትሰልሉ። ሱረቱል ሑጁራት ጥርጣሬንም ስለላንም ሐሜትንም በአንድ አንቀጽ ከልክሏል። «ከስቷል፣ ምን ይዞት ይሆን» የምትለው ቀልድ ስንቱን ከጤና ጣቢያው በር እንደመለሰው አታውቅም።

መዝጊያ

ያ ወጣት በሰባተኛው ወር አብሬው ሄድኩ። አግዳሚው ላይ ተቀምጠን አስተግፊሩላህ እያለ ነበር። ተጠራ፣ ገባ፣ ወጣ። ውጤቱን አልነግራችሁም፤ የሱ አማና ነው። ስንወጣ ግን ያለኝን በፈቃዱ እነግራችኋለሁ፦ «ኡስታዝ፣ ሰባት ወር የፈራሁት ይህን 20 ደቂቃ ነው?» በሚቀጥለው ጁሙዓ የመጀመሪያው ሰፍ ላይ ነበር። ዛሬም እዚያው ነው። ወደዚያ ሰፍ መመለስ በሁለቱም ውጤት ይቻላል።

የዚህ ሳምንት ሥራህ ሦስት ነው። ዛሬ ከዐስር በኋላ፣ ዱዓ የማይመለስባት ሰዓት ትፈለግበታለች በሚባለው ጊዜ፣ ሁለት እጅህን አንሳና የሆነውን ሁሉ ለአላህ ንገረው። ዛሬ ማታ ስልክህ ላይ ምልክት ፍለጋውን አቁም። ሰኞ ጠዋት ወደ ጤና ጣቢያ ሂድ።

ያ አላህ፣ የተጨነቁትን አረጋጋ፤ የታመሙትን አሽር፤ የተጸጸቱትን ተቀበል፤ ነውራችንን በዱንያም በአኼራም ሸፍንልን። አሚን።

ለሚጠቅመው ሰው በውስጥ መስመር አድርሱት፤ ስሙን እየጠራችሁ ግን ከጽሑፉ ሥር አታምጡት።